ለአበልጄ የሰጠኋት ልጅ

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ እትዬ ዘነቡ!»

እንዲህ ያለኝ ሰይድ ነው። ናዝሬት ገበያ፣ ከሽንኩርት ተራ ማዶ፣ የልብስ መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ የሚሰፋ ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሽንኩርቴን በመደብ በመደብ ደርድሬ ገና የመጀመሪያ ገዢዬን እየጠበቅኩ ነበር።

«ምን ተገኘና? ሽንኩርት ተወደደ እንዴ?» አልኩት እየሳቅሁ።

«ይደብቁኛል? ቬሎውን እኔ ራሴ ሰፍቼ!»

ቀና ስል ከኋላው ምስማር ላይ የተሰቀለ ሰማያዊ ቀሚስ አየሁ። የልጄ የአስቴር ቀሚስ ነው። ኮሌጅ ስትመረቅ የለበሰችው። ከብብቱ ሥር ጠቧት ስለነበር እኔ ነኝ ፈትቼ በሌላ ክር የሰፋሁት፤ ክሩ ከሩቅ ይታወቃል።

«ይሄ ቀሚስ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ለልክ ነዋ! ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው ያመጡት። 'ልጄን ልድር ነው፤ በዚህ ልክ ቬሎ ስፋልኝ' አሉኝ። ዛሬ በማለዳ ሾፌር መጥቶ ቬሎውን ወሰደው። ሰርጉ ነገ ዝዋይ ነው አለኝ። ይሄኛውን ረስቶት ሄደ። አበልጅዎ አይደሉ? ያደርሱልኛል ብዬ ነው።»

ጥሩወርቅ ሴት ልጅ የላትም። እግዜር የሰጣት አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው፣ ግርማ። ያን ቀሚስ ከቤቴ ስትወስደው የነገረችኝ ደግሞ ሌላ ነበር። «ለአስቴር መሥሪያ ቤቱ የደንብ ልብስ ሊያሰፋላት ነው፤ ልክ የሚሆን ነገር ስጪኝ» ነበር ያለችኝ። እኔም አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ በነጭ ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት።

የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ባሌ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሮ ሲሞት፣ አንዲት ልጄን ይዤ ናዝሬት ገባሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስሜን ከመጻፍ ብዙም አላለፍኩም፤ ይህን ስጽፍም እጄ እየዘገየ ነው። አስቴርን ግን በሽንኩርት አስተማርኳት። አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ ኮሌጅ ገባች፤ የጽሕፈት ሥራ ተምራ ዲፕሎማ ይዛ መጣች። ያን ጊዜ ኮሌጅ የጨረሰን ልጅ መንግሥት ይመድበው ነበር። «ምደባሽን ጠብቂ» አሏት፤ ጠበቀች። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ከእሷ ጋር የተመረቁት አንዳንዶቹ ተጠሩ፤ አንዳንዶቹ እንደ እሷ ቤት ቀሩ። ለምን እንደሆነ የሚነግረን ሰው የለም። በየጊዜው አዲስ አበባ እየወጣች በር ታንኳኳለች፤ «ቆይ፣ ይደርሳል» ተብላ ትመለሳለች።

ኋላ መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። የገበያ ሰው ደግሞ ምሕረት የለውም። «የዲፕሎማ ሽንኩርት ስንት ነው?» ይላታል አንዱ። «በእንግሊዝኛ መዝኚልኝ!» ይላል ሌላው። ከፊታቸው ትስቃለች። ቤት ስንገባ ግን ራት አትበላም። ልጅ ተምሮ እናቱ አጠገብ ሽንኩርት ሲልጥ ማየት ምን እንደሆነ፣ ያላየው አያውቀውም።

ጥሩወርቅ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። እሷ አስቴርን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሣቻት ናት። አበልጅነት ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። ከሥጋ ዘመድ ጋር ትጣላለህ፤ ከአበልጅ ጋር ግን አትጣላም። እሷ ስትወልድ እኔ ነኝ ገንፎ ያገነፋሁላት፤ ባሌ ሲሞት እሷ ናት ከአጠገቤ ያልተለየችው። ናዝሬት ምግብ ቤት ነበራት፤ ከየእርሻው የሚመጡ አለቆች እሷ ዘንድ ነው የሚበሉት። አንድ ቀን እየሮጠች መጣች።

«አበልጅ፣ እልል በዪ! ዝዋይ ካለው የመንግሥት አትክልት እርሻ ጸሐፊ ይፈልጋሉ። ሥራ አስኪያጁን አውቀዋለሁ፤ ጨርሼዋለሁ። እኔም እዚያ ቤት ተከራይቼ ምግብ ልጀምር ነው፤ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ሰው ቤት አትወድቅም።»

ስትሄድ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ነበር። የልጄን እጅ ይዤ በጥሩወርቅ እጅ ላይ አኖርኩት። «ልጅሽ ናት» አልኳት። «እኔ ወለድኳት እንጂ ያነሣሻት አንቺ ነሽ። ከዛሬ ወዲያ እናቷ አንቺ ነሽ።» አደራ ሲሰጥ የሚባለው ይኸው ነው፤ እናቴም ብትሆን እንዲህ ነበር የምትለው። ጥሩወርቅ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ወር አለፈ። በመጣች ቁጥር «ደህና ናት፤ ሥራው በዝቶባት ነው፤ ደሞዟን ስትቀበል ትመጣለች» ትለኛለች። እኔም ለሰው ሁሉ እናገራለሁ። «ልጄ ዝዋይ ጸሐፊ ሆናለች» እላለሁ።

እንግዲህ ያቺ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ይሄ ሁሉ በአንዴ መጣብኝ። ከአጠገቤ መደብ የምትሸጠው ጫልቱ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ምን ሆነሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ!»

«ልጄን ሊድሯት ነው፣ ጫልቱ። ነገ።»

«ማን?»

«አላውቅም። ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም!»

ጫልቱ ሽንኩርቴን ወደ መደቧ ሰበሰበች። ከዚያ «ሽንኩርቱን እኔ እሸጥልሻለሁ። በቀለ ቲማቲም ሊጭን ባዶውን ወደ ዝዋይ ሊሄድ ነው፤ ሩጪ» አለችኝ። ሮጥኩ።

በቀለ ኤንትሬ የጭነት መኪናውን አስነሥቶ ሳለ ደረስኩበት። ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው ነው። «ምነው እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ሽንኩርቱን ከነሥሩ ሊነቅሉት ነው?» አለኝ። ጋቢና ወጣሁ። ሞጆን እስክናልፍ አልተናገርኩም። በጎን ያየኝና መንገዱን ያያል።

«የሞተ አለ እንዴ?» አለኝ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የለም። ንዳ ብቻ።»

መንገዱ አላልቅ አለኝ። በልቤ ሰበብ እፈልግላታለሁ። ምናልባት የዘመድ ልጅ ይሆናል የምትድረው። ምናልባት አስቴር ሚዜ ናት። እመቤቴን፣ ጥሩወርቅን ነፃ ለማውጣት ያልቆፈርኩት የለም። መቂ ስንደርስ ግን ሰበቡም አለቀብኝ። ሰርግ ከሆነ እኔ እንዴት አልተጠራሁም?

ዝዋይ ስንደርስ በቀለ «ቲማቲሙን ጭኜ ከቀትር በኋላ ከመንገዱ ዳር አለሁ፤ ካልመጡ አልሄድም» አለኝ። በጋሪ ወደ እርሻው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሚሠሩ ሰዓቱ እንዳያልፍብኝ ባለጋሪውን እለምነዋለሁ፤ እሱ ፈረሱን ይለምናል። ልጄን የማገኛት ጠረጴዛዋ ላይ ነው እያልኩ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ከተገኘች ሁሉም ውሸት ነው፤ ሰይድ ተሳስቷል ማለት ነው።

«የጸሐፊዋ ክፍል የት ነው?» ስል አንድ በር አሳዩኝ። ገባሁ። ጠረጴዛ አለ። የጽሕፈት መኪና አለ። ከጽሕፈት መኪናው ኋላ የተቀመጠው ግን ግርማ ነው። የጥሩወርቅ ልጅ።

ሲያየኝ ብድግ አለ። ወንበሩ ወደቀ።

«እትዬ…»

ግርማ አሥራ ሁለተኛን ወድቆ እናቱ ምግብ ቤት ውስጥ ሲላላክ የኖረ ልጅ ነው። ከእኔ ማዕድ ጉርሻ እየበላ ነው ያደገው።

«አስቴርስ?» አልኩት።

የሚመታውን ወረቀት አየሁት፤ ግማሹ የተሰረዘ ነው።

«በሁለት ጣት ነው የምትመታው? ልጄ በአሥሩም ናት» አልኩት። ለምን ይሄ እንደ ወጣኝ አላውቅም። እሱም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ በዚያ ዘመን እየባነነች ነበር የምታድረው። ብሔራዊ ውትድርና እየተባለ ልጅ ይወሰዳል፤ ብዙው አይመለስም። ግርማም ተራው ደርሶ እንደነበር እያለቀሰ ነገረኝ። እርሻ ላይ የተቀጠረ ግን፣ ሥራ አስኪያጁ «ለልማት አስፈላጊ ነው» ካለለት፣ ይቀርለታል። ሥራ አስኪያጁ ሚስቱን ፈትቶ የተማረች ልጅ ሊያገባ ይፈልጋል፤ አስቴርን ጥሩወርቅ ምግብ ቤት ውስጥ አይቷታል። ሌላውን እናንተው ጨርሱት። ለልጄ የተባለው ወንበር ለግርማ ተሰጠ፤ ልጄ ደግሞ ለወንበሩ ባለቤት።

«እኔ የማድረው እርሻው ግቢ ነው፤ ድንኳኑ እስኪተከል አላወቅኩም፣ እትዬ! በአባቴ አጥንት!» አለኝ። «ሥራ ትጀምራለች፣ ሥልጠና ላይ ናት ነው የተባልኩት።»

«የት ናት?»

«ከሐይቁ ዳር፣ እናቴ ከተከራየችው ግቢ። ድንኳን ተተክሏል፤ ያገኙታል።» ከዚያ ጨመረ፤ «እሱ ሽጉጥ አለው፣ እትዬ። ብቻዎን አይሂዱ።»

ሄድኩ እንጂ ከማን ጋር ልሂድ? የግቢው በር ላይ ዘበኛ ተቀምጧል፤ ሽማግሌ ቢጤ፣ ካፖርት የደረበ። ውስጥ ሴቶች ሽንኩርት ሲከትፉ ይሰማኛል፤ ሳቅ አለ፤ አንዷ እልል ትላለች።

«ወዴት ነው፣ እናቴ?»

«የሙሽራዋ እናት ነኝ።»

ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ አዘነልኝ መሰለኝ። «የሙሽራዋ እናትማ ነፍሷን ይማረውና ሞታለች። ለድግሱ ከሆነ የመጣሽው ነገ ነይ፤ ማንም አይመልስሽም።»

«ማን ነው የሞተችው?»

«እናቷ! ሙት ልጅ ናት እኮ፤ ክርስትና እናቷ ናት የምትድራት። እነ ኦቦ ቱፋ ሽምግልና ሲመጡ እኔ በሩን ከፍቼ ነው የገቡት። ወይዘሮዋ 'እናቷ ከሞተች ጀምሮ እኔ ነኝ እናቷ' ብለው አልቅሰው ነው የሰጡት። ሁላችንንም አስለቀሱን።»

ሰው መሞቱን ከዘበኛ ይሰማል? ይህንን ላስረዳችሁ አልችልም። እጄን ዳሰስኩት። ልጮህ አሰብኩ። ግን ብጮህ «እብድ መጣች» ብሎ በሩን ይዘጋብኛል። ፍርሃት አንዳንዴ ለሰው ልቦና ይሰጠዋል፤ «ኦቦ ቱፋ የት ነው ቤታቸው?» አልኩት።

ኦቦ ቱፋን ያገኘኋቸው ከግራር ሥር ተቀምጠው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ የአርሲ ሽማግሌ ናቸው። አብሯቸው ለዚያው ሽምግልና የሄዱት ቄስ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ።

«አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ፣ ተነሺ። ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ ኦቦ ቱፋ።

«አባቴ፣ እናንተ ሽምግልና የሄዳችሁባት ልጅ እናት ነኝ።»

ሁለቱ ተያዩ። ቄሱ አማተቡ። «ሞታለች ተባልን እኮ!»

«እኔ ነኝ ሟቿ» አልኩ። «በክርስቶስ፣ አባቴ፣ ንኩኝ። ትንፋሼ ይሄው ነው። ልጄን አልሰጠሁም። ማንም አልጠየቀኝም።»

ቄሱ «ምስክር አለሽ?» ሲሉኝ ኦቦ ቱፋ እጃቸውን አነሡ።

«የምን ምስክር? ልጅቷን አይተሃታል፤ ይቺን እያት። ፊቷን ተሸክማ ነው የመጣችው።» ከዚያ በኦሮምኛ ለራሳቸው አንድ ነገር ተናገሩና በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «እኔ በሕይወቴ ያስማማሁትን ሰው አልቆጥርም። በሬሳ ስም የሸመገለ አባት ግን የለኝም። ተነሥ አባ፣ እንሂድ። የሰጠን ሰው የመስጠት መብት አልነበረውም፤ ቃሉም የለም።»

መንገድ ላይ አስረዱኝ። እኔ ብቻዬን ብጮህ ሰርጉ አይፈርስም፤ ጉዳዩ በሽማግሌ ፊት በተሰጠ ቃል ታስሯል። ያንን የሚፈታው ያሰሩት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እሳቸው ከፊት፣ ቄሱ ከጎኔ ሆነው ሄድን። ዘበኛው ሲያየን ብድግ ብሎ ቆመ።

ጥሩወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ድስት እያማሰለች ነበር። ስታየኝ ማማሰያው ከእጇ ወደቀ።

«አበልጅ» አለችኝ።

«ሞቼ ቀበርሽኝ እንዴ፣ ጥሩወርቅ? ተዝካሬንስ አወጣሽልኝ?»

ልትሸሽ አልሞከረችም። ይሄ ነው የሚገርመኝ። ቀርባ ልትይዘኝ ፈለገች። «ነይ ወደ ጓዳ፣ እንነጋገር።»

«እዚሁ። በሰው ፊት ሞቻለሁ፤ በሰው ፊት ነው የምነሣው።»

«ምን ላድርግ?» አለች። «ግርማን ሊወስዱት ነበር! አንቺ ሴት ልጅ ነው ያለሽ፤ አታውቂውም። በየሌሊቱ በሩ ሲንኳኳ አብረሽኝ አልነበርሽም። እሱን ለማትረፍ ያለኝ አስቴር ብቻ ነበረች። ደግሞ በመጥፎ ሰው እጅ አልጣልኳት፤ ቤት አለው፣ መኪና አለው፣ ሥልጣን አለው። አንቺ ዘንድ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር!»

«ብትጠይቂኝስ ኖሮ?»

«ብጠይቅሽ እሺ አትዪም። በሕይወት ካለሽ እሺ የማትዪውን ነገር ምን ላድርገው?» ከዚያ ደግሞ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ «በሰው ፊት እጇን በእጄ አላስቀመጥሽም? 'ልጅሽ ናት' አላልሽኝም?»

የሚቀርበኝ ሰው ቃሌን ፈትሎ ገመድ ሠራበት። ልመታት እጄን አንሥቼ ነበር፤ ኦቦ ቱፋ በበትራቸው አገዱኝ። «ልጅሽ ጋ ግቢ» አሉኝ።

አስቴር ከጓዳ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጥፍሯ እንሶስላ ሞቋል። ቬሎው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በሩ ሲከፈት ዞር አላለችም፤ አረማመዴን ግን ታውቀዋለች።

«ለምርቃቱ ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

«አስቱ…»

«አትጥሪኝ። 'እናትሽ ደክሟታል፤ ሥራ እንደማታገኚ ገብቷታል፤ እሷ ናት እሺ ያለችው' አሉኝ። አላመንኳቸውም ነበር። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች አልኩ። አልመጣሽም። ቀሚሴን ሰጥተሽ ላክሽ!»

እንግዲህ ይሄኛው ነው ከሁሉ የባሰው። ለሽማግሌዎቹ ሞታለች አለቻቸው፤ ለልጄ ደግሞ ሸጣሻለች አለቻት። ወር ሙሉ እኔ ሰው ሁሉ ፊት ልጄን ሳሞግስ፣ እሷ እዚህ ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀምጣ ስትረግመኝ ኖራለች።

«ለውጪዎቹ ምን እንዳሏቸው ታውቂያለሽ?» አልኳት። «እናቷ ሞታለች።»

ዞረች። አየችኝ። «ማን ሞተች?»

«እኔ።»

«ታዲያ ከሞትሽ በኋላ ነው እሺ ያልሽው?» አለችና ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ነገር አመለጣት። ከዚያ አንገቴ ላይ ወደቀች። ከስታ ነበር፤ ትከሻዋ እንጨት ሆኖብኝ ነበር።

በዚህ መሐል የመኪና በር ተዘጋ። እጇን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ነው። ወደ ግቢው ሲገባ ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ሁሉ አቀርቅረው መክተፍ ጀመሩ። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ልጄን ለቅቄ ልሸሽ ደርሼ ነበር። መልከ መልካም፣ ጎፈሬው የተስተካከለ፣ ሽጉጡ ወገቡ ላይ የሆነ ሰው ነው።

ኦቦ ቱፋ መንገዱን ዘጉበት። «ጓድ፣ እናቷ ሞታለች ተብለን ነው የለመንንልህ። እናቷ ይቺትና። ልመናችን ፈርሷል።»

«እናንተ ሽማግሎች» አለ ፈገግ ብሎ፣ «ይሄ ሁሉ የድሮ ልማድ ነው። አሁን ዋናው የሴቷ ፈቃድ ነው።»

«ልማዱ የድሮ ከሆነ ለምን ላክኸን? ፈቃዷ ከሆነ ደግሞ ይቺውልህ፤ ጠይቃት።»

እሷን አየ። ድስቱ ብቻ ይንተከተካል።

«እኔ የመጣሁት ለሥራ ነው» አለች አስቴር። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ሥራውን ለሌላ ሰጣችሁት። ሌላ ያመጣኝ ነገር የለም።»

እጁ ወደ ወገቡ ሄደ፤ ሽጉጡን ሳይሆን ቀበቶውን ነው ያስተካከለው፤ እኔ ግን ዐይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ሰዉን እያየ ነበር። ሴቶቹን፣ ዘበኛውን፣ ከድንኳኑ ሥር የቆሙትን ሁሉ። ሰው ፊት ሽማግሌ ገፍቶ ማለፍ ለእሱም ከበደው መሰለኝ።

«ውሰጃት» አለኝ። «የመንግሥት ሥራ ግን በዚህ አገር አታገኝም። ስሟን አልረሳውም።»

ኦቦ ቱፋና ቄሱ ግራና ቀኝ ሆነው እስከ ዋናው መንገድ ሸኙን። ጥሩወርቅ በር ላይ ቆማ «አበልጅ! አበልጅ!» ትለኛለች። ስንት ዘመን በዚያ ስም ተጠርቻለሁ፤ ያን ቀን ጆሮዬን ያመኝ ነበር። ዞር አላልኩም።

በቀለ ቲማቲሙን ጭኖ ቆሞ ጠበቀን። ሙሽራዋን ከእንሶስላዋ ጋር ሲያይ ጋቢናውን ከፈተ። ኦቦ ቱፋ መስኮቱን ይዘው፣ «ሃደ አስቴር፣ የአስቴር እናት፣ ልጅሽን አትውቀሺያት፤ የታመነን ሰው ማመን ጥፋት አይደለም» አሉኝ። መኪናው እስኪንቀሳቀስ ከመንገዱ አልወጡም።

መቂን እንዳለፍን ከኋላችን ላንድሮቨር መጣ። በቀለ በመስታወት አየውና ወደ ዳር ያዘ። አስቴርን ጭንቅላቷን ይዤ ወደ ታች ደፋኋት፤ እኔም አጎነበስኩ። መኪናው ክላክሱን እያጮኸ ደረሰብን፣ አጠገባችን ሆነ፣ አለፈን። የማላውቀው ሰው ነው የሚነዳው። ኬላ ላይ ደግሞ ወታደር መታወቂያ ጠየቀን። የአስቴርን መታወቂያ ጥሩወርቅ «ለቅጥር» ብላ ወስዳዋለች።

«የት ነው መታወቂያሽ?»

በቀለ ነው የደረሰልን። «ወንድሜ፣ ከሰርግ ላይ ጠፍታ እኮ ነው! ሙሽራው ሽማግሌ ነው።»

ወታደሩ እጇን አየ፤ ፊቷን አየ። ወጣት ልጅ ነው፤ ምናልባት እሱም እናቱ የምትባንንለት ነው። ሳቀ። «እንኳን አመለጥሽ! ሂዱ» አለን።

የዚያች ቅዳሜ ነገር ምን እንዳደረገኝ ሰዎች ይጠይቁኛል። ሰው ማመን ተውሽ ወይ ይሉኛል። አልተውኩም። ኦቦ ቱፋን አንድ ቀን ነው ያወቅኋቸው፤ ጥሩወርቅን ግማሽ ዕድሜዬን። የትኛው ዘመድ እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። ግርማ ከዚያ በኋላ ያንን ወንበር ራሱ ትቶ ወጣ አሉ፤ በሚቀጥለው ዙር ተወሰደ። ስሰማ ደስ አላለኝም። ተደብቄ አለቀስኩ። ለእናቱ ግን ደጃፏን አልረገጥኩም፤ ይቅር በዪ የሚሉኝ አሉ፤ አፌ እሺ ቢልም እግሬ እምቢ አለኝ።

የሥራ አስኪያጁ ዛቻ ሳይደርስባት፣ ቆይቶ የአስቴር ምደባ መጣ፤ አሰላ ነበር የደረሳት። አብሬያት ሄድኩ። ሰዎቹ እየሳቁብኝ ቢሮ ገባሁ። ጠረጴዛዋን አየሁ፤ ወንበሯን በእጄ ነካሁት፤ ተቀምጣ ስትመታ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። በአሥሩም ጣቷ። እናንተ ልጅ አስተምራችሁ ሥራ የምትጠብቁ እናቶች፣ «ሥራ አግኝቼላታለሁ» ያላችሁን ሰው አመስግኑት፤ ግን ወንበሩን ሳታዩ ልጃችሁን አትስጡ። ዘመድ ቢሆንም። ታቦት አብሯችሁ ያነገሠ ቢሆንም።

ቅዳሜዋን ልጨርስ። ሞጆን አለፍን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አስቴር ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ በእንቅልፏም የነጠላዬን ጫፍ ጨብጣ ነበር። ናዝሬት ስንገባ በቀለ እስከ በራችን አደረሰን። ጫልቱ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አገኘናት፤ ስታየን ተነሥታ አስቴርን አቀፈቻት። ገባን። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት፤ ከዚያ እጄን መቀርቀሪያው ላይ አድርጌ ቆምኩ። ውጪ የሚመጣ መኪና የለም፤ የሚጠራኝ የለም። ልጄ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

ደርሰናል አልኳት። ቤታችን ነን።